ነገረ መስቀሉን እንዴት እናንብብ? ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ የያዝኩት አካሄድ

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነበር። መስከረም 16 ማታ ደመራው ተለኩሶ ወደ ቤት ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ «አጎቴ፣ እሱን የገደሉበትን እንጨት ለምንድን ነው የምንስመው?» አለችኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ከበሮ መትቻለሁ፣ መዝሙር አስጠንቻለሁ፣ ማተቤ ካንገቴ ወርዶ አያውቅም። «ስላዳነን ነዋ» አልኳት። «እንዴት አድርጎ?» አለች። ብርድ ነበር፣ ያውም የደሴ ብርድ፤ ጋቢዬን ደረብኩላትና ወሬ ቀየርኩ።

ይህ ጽሑፍ ወሬ መቀየር ለሰለቸው ሰው ነው። መምህር አይደለሁም። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል እሠራለሁ፣ ቤቴ ደሴ ነው፤ የማነበው ሚኒባስ ውስጥና በምሳ ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ስለ መስቀሉ የተጻፈ ነገረ መለኮት ሳነብ መጀመሪያ ያበላሸሁትን፣ ኋላም የተቃናልኝን እነሆ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አካሄዱ ግን ለፕሮቴስታንቱም ለካቶሊኩም ይሆናል።

የሚያስፈልጋችሁ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና በቀን 25 ደቂቃ ነው። መጽሐፉን ስልክ ላይ ብታነቡት ችግር የለም። ደብተሩን ግን በስልክ አትተኩት፤ ለምን እንደሆነ አራተኛው ላይ ታዩታላችሁ።

1. መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ጻፉ

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ። የተማረ ሰው ጥያቄ እንዲመስል አታሳምሩት። እኔ የልጅቷን እንዳለ ነው የገለበጥኩት፦ «እንዴት አድርጎ?» አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «ዝም ብሎ ይቅር ማለት አይችልም ነበር?» ብሎ ጻፈ። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን የቀበረች እናት ናት፤ የእሷ «እሱ ሲሰቀል አባቱ የት ነበር?» የሚል ነው። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ወደ ሦስት የተለያዩ መደርደሪያዎች ይወስዳሉ። የመጀመሪያው መዳን በምን መንገድ ተፈጸመ ወደሚለው፣ ሁለተኛው ፍትሕና ምሕረት እንዴት ይታረቃሉ ወደሚለው፣ ሦስተኛው አምላክና መከራ ምን አገናኛቸው ወደሚለው። ጥያቄ ያልያዘ ሰው ሻጩ ያነሣለትን ይዞ ይሄዳል።

እኔ እንደዚያ ነበርኩ። ከመስቀል በኋላ በዚያው ሳምንት ሄጄ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ የትርጉም መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ ገዛሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜም ገጽ 30 ሳልደርስ ጣልኩት። በሦስተኛው ስበረታ ከገጽ 33 ቀጥሎ 48 መጣ። ይዤው ብመለስ ሻጩ «እንደዛ ነው የመጣልን» አለኝ። እሱስ ምን ያድርግ፤ ሳላገላብጥ ገንዘብ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ፎቶ ኮፒ ስትገዙ ገጾቹን እስከ መጨረሻው ቁጠሩ። ተርጓሚው ማን እንደሆነ ካልተጻፈበትም ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ለመነሻ ደግሞ ቀጭኑን ምረጡ።

2. አራቱን ወንጌላውያን ሳትቀላቅሉ አንብቡ

በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት ሲነበብ እየሰማን ያደግን ሰዎች የአራቱም ታሪክ ጭንቅላታችን ውስጥ ተደባልቆ አንድ ወጥ ሆኗል። ለጸሎት ያ መልካም ነው፤ ለንባብ ግን መጀመሪያ መለየት አለበት።

ከማርቆስ ጀምሩ፤ ምዕራፍ 14 እና 15 ብቻ፣ ሳትነሡ። እኔ ከደሴ መናኸሪያ ተነሥቼ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሳልገባ ያልቃሉ። ጠመዝማዛው ላይ ማንበብ የሚያጥወለውለው ሰው ቤቱ ያንብብ፤ እኔም እስክለምደው ሁለቴ ዓይኔን ጨፍኜ ወርጃለሁ። በማግስቱ ማቴዎስ 26 እና 27፣ ከዚያ ሉቃስ 22 እና 23፣ መጨረሻ ላይ ዮሐንስ 18 እና 19። በየቀኑ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ መዝግቡ፦ ኢየሱስ መስቀል ላይ ሆኖ ምን አለ?

ሰባቱ አጽርሐ መስቀል ብለን የምንቆጥራቸው ሁሉ በአንድ ወንጌል ውስጥ እንደሌሉ ያኔ ታያላችሁ። ማርቆስና ማቴዎስ ያላቸው አንድ ነው፣ እሱም ጩኸት ነው፦ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ሉቃስ ሦስት አለው፤ ለሰቀሉት ይቅርታ፣ ለወንበዴው ገነት፣ ለአባቱ ነፍሱን አደራ። ዮሐንስም ሦስት አለው፤ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ መስጠቱን፣ «ተጠማሁ»ን እና «ተፈጸመ»ን። በማርቆስ ጨለማ ውስጥ ጮኾ ይሞታል። በዮሐንስ ሥራውን ጨርሶ ራሱን ያዘነብላል። አይጣሉም፤ ግን በአንዱ ሌላውን አታፍኑት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማርቆስን ጩኸት በዮሐንስ «ተፈጸመ» እያዳፈንኩ ነበር የምሰማው። ልጇን የቀበረችው ጎረቤታችን የትኛውን ደጋግማ እንዳነበበች መገመት አያቅትም።

ከዚያ ጩኸቱን ይዛችሁ ወደ መዝሙረ ዳዊት 22 ሂዱ። ዳዊትን በግእዝ የሚደግም 21 ላይ ያገኘዋል፣ «አምላኪየ አምላኪየ» ብሎ የሚጀምረውን። ልብስ የሚካፈሉት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ የሚሳለቁት ሁሉ እዚያ አሉ፤ ማብቂያው ግን ምስጋና ነው። ቀጥሎ ኢሳይያስ 53። እዚህ ሳምንት ብትቆዩ ምንም አይቀርባችሁም።

3. ጌጥ ከመሆኑ በፊት ምን እንደነበር እወቁ

እኛ ጋ መስቀል ክብር ነው። አያቴ ግንባሯ ላይ በንቅሳት አለ። መናኸሪያው ጋ ቄሱ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሲያሳልሙ ረዳቱ ሳይቀር ጩኸቱን አቁሞ ይሳለማል። አምባው ራሱ በመስቀል ቅርጽ የሆነው ግሸን ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ መስከረም 21 ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ብለን ሽቅብ ስንወጣ «መስቀል» የሚለው ቃል ጆሯችን ላይ የሚያሰማው ዕልልታ ነው። በዚያ ላይ በአማርኛ ካፖርትም ይሰቀላል፣ ዋጋም ይሰቀላል። ግሱን ስለለመድነው አይወጋንም።

ጳውሎስ ሲጽፍ ግን ይወጋ ነበር። ሮማውያን ባሪያንና ዓመፀኛን የሚቀጡበት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 የስፓርታከስ የባሮች አመፅ ሲደመሰስ ወደ ሮም በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር 6,000 ያህል ሰዎች ተሰቅለዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ኢየሩሳሌም አጠገብ በተቆፈረ መቃብር ውስጥ ምስማሩ እንደተሰካበት የቀረ የአንድ የተሰቀለ ሰው የተረከዝ አጥንት ተገኝቷል። ሮም ውስጥ ደግሞ ግድግዳ ላይ ተጭሮ የተገኘ ጥንታዊ ሥዕል አለ፤ የአህያ ራስ ያለው ሰው ተሰቅሏል፣ ከሥሩ አንዱ እጁን አንሥቶ ቆሟል፤ ጽሑፉ አሌክሳሜኖስ የሚባል ሰው አምላኩን እንደሚያመልክ ይናገራል። አንድ ሰው በክርስቲያን ባልንጀራው ላይ ያፌዘው ፌዝ ነው።

«የመስቀሉ ቃል ለሚጠፉት ሞኝነት» የሚለውን 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18ን ከዚህ በኋላ አንብቡት። የሕፃኗ ጥያቄ የአንደኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጥያቄ ነበር። እኛ ነን መጠየቅ የተውነው።

4. ምሳሌዎቹን በአራት አምድ ለዩ

ዋናው ይህ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

አዲስ ኪዳን መስቀሉ ምን እንደሠራ በአንድ ምሳሌ ብቻ አይነግረንም። ከገበያ፣ ከፍርድ አደባባይ፣ ከመቅደስ፣ ከጦር ሜዳ እየተዋሰ ይናገራል። ደብተሩን ዘርግታችሁ ሁለቱን ገጽ በአራት አምድ ክፈሉት። ሮሜ 3 እና 5ን፣ ማርቆስ 10፥45ን፣ ዕብራውያን 9ን፣ ቆላስይስ 2ን ስታነቡ እያንዳንዱን ቃል በየአምዱ አስገቡ። ቤዛ የገበያ ነው፣ ማስተስረያ የመቅደስ ነው፣ ማጽደቅ የፍርድ ነው፣ ድል የጦር ነው። አራቱ አምዶች በአንድ ጊዜ ዓይናችሁ ውስጥ መግባት ስላለባቸው ነው ስልክ አይሆንም ያልኩት።

ቆላስይስ 2፥14ን ቀረብ ብለን እንየው። በእኛ ላይ የነበረውን «የዕዳ ጽሕፈት ደመሰሰው» ይልና «በመስቀል ጠርቆ ከመንገድ አስወግዶታል» ይላል። ጠረቀ ማለት ቸነከረ ነው። ይህ ጥቅስ የገባኝ መጽሐፍ ላይ አይደለም፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ እናቴ በዱቤ የምትወስድበት ሱቅ አለ፣ እዚያ ነው። የዱቤው ደብተር ጠርዙ በዘይት እጅ ወዝቷል። የእናቴ ገጽ ላይ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት እያለ ይወርዳል፤ ወር ላይ ስትከፍል ባለሱቁ በእስክሪብቶ ይሰርዘዋል። አባቴ የሞተ ሰሞን ግን አልሰረዘውም። ገጹን ከነ ሥሩ ቀደደና በእጇ ሰጣት። «ይኸው እትዬ፤ የለም» አላት። እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ አስገባችው።

ያ ዕዳ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ስኳሩ ተበልቷል፣ ዘይቱ አልቋል፣ አከፋፋዩ ገንዘቡን ይፈልጋል። ባለሱቁ ላይ ነው የቀረው። «ዝም ብሎ ይቅር ማለት አይችልም ነበር?» ላለው የሥራ ባልደረባዬ ይህን ነገርኩት። ዝም ብሎ የሚባል ይቅርታ የለም፤ ይቅር ያለው ሰው ይሸከመዋል። ልጁ ለአፍታ አሰበና «እሺ፣ ይሁን፤ ግን ለምን ሞት?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከገበያው አምድ ወደ መቅደሱ አምድ መሻገር ያለበት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 15ን አንብቡ። ምሳሌው በአንድ ጊዜ ተገለበጠ፤ አለቅነትንና ሥልጣናትን ገፎ፣ ድል ነሥቶ፣ ምርኮኞቹን በአደባባይ የሚያዞር የጦር አዛዥ መጣ። ከሱቅ ወደ ጦር ሜዳ በአንድ ትንፋሽ። ጳውሎስ ተምታቶበት አይደለም፤ አንዱ ምሳሌ የማይችለውን ሌላው እንዲሸከምለት ነው።

በኋላ የመጡት መምህራን ብዙ ጊዜ አንዱን አምድ አጥብቀው ይይዛሉ። መጽሐፍ ስትከፍቱ ደራሲው የትኛው ላይ እንደቆመ ፈልጉ፤ ያን ካገኛችሁ ግማሹ መንገድ አለቀ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አትናቴዎስ፣ ያው አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን፣ የሚያሳስበው ሞትና መበስበስ ነው። ቃል፣ ማለትም የእግዚአብሔር ልጅ፣ የሚሞት ሥጋ የለበሰው ሞት በዚያ ሥጋ ላይ መጥቶ ራሱ እንዲያልቅ ነው ይላል። ቤዛ የሚለውን ይዘው «ለማን ተከፈለ?» ብለው የተጨነቁም አሉ። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሰይጣን እንደ ዓሣ ሥጋውን ሊውጥ ሲመጣ በመለኮት መንጠቆ ተያዘ አለ። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ደግሞ ወንበዴው ሰይጣን የአምላክን ደም ዋጋ ብሎ ሊቀበል፣ ይህማ ነውር ነው ብሎ አልተቀበለውም። ሁለቱም የአንድ ዘመን ሰዎች፣ ሁለቱም ቅዱሳን። ምሳሌን ከሚችለው በላይ ስትጎትቱት እንደሚቀደድ ከእነሱ ተማርኩ።

በምዕራቡ በኩል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1098 የተጻፈው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ የአንሴልም መጽሐፍ የተነፈገ ክብርና ካሣ ላይ ያተኩራል። 16ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተነሡት የተሐድሶ ሰዎች ያንን ወደ ሕግና ቅጣት አዞሩት፤ የፕሮቴስታንት ጓደኞቼ በአብዛኛው የሚሰብኩት ይህን ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊው መምህር አቤላርድ ደግሞ መስቀሉ ፍቅርን አሳይቶ ልባችንን መቀየሩን ያጎላል። እኔ ወደ አትናቴዎስ አደላለሁ፣ አልደብቅም። አንሴልምን መጀመሪያ ሳነበው ኅዳጉ ላይ «ስህተት»፣ «ስህተት» እያልኩ ጽፌበት ነበር። ኋላ ላይ ልብ ስለው መጽሐፉ መምህርና ደቀ መዝሙር እየተጠያየቁ የሚሄዱበት ነው፣ ልክ እንደ ጉባኤ ቤት፤ ደቀ መዝሙሩ የሚጠይቀው ደግሞ የእህቴ ልጅ የጠየቀችኝን ነው። «ስህተት» ያልኩትን በላጲስ አጠፋሁት። ሁሉንም ግን አይደለም።

5. «የሞተው ማን ነው?» የሚለውን አትዝለሉ

ብዙ ሰው ምሳሌዎቹ ላይ ቆሞ ይቀራል። እኔም ቀርቼ ነበር፣ አንድ ቀን በጠዋት ኪዳን ላይ የማላስተውለው ጸሎት እስኪይዘኝ ድረስ። «ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» እንላለን፤ የማይሞት ሕያው። ትንፋሽ ሳንወስድ «ወተሰቅለ ዲበ ዕፀ መስቀል» እንላለን። የማይሞተው ተሰቀለ። ይህን በየጠዋቱ እያልኩ ሃያ ዓመት አንዴም አልደነገጥኩም።

መልሱ የእስክንድርያው የቄርሎስ ነው፤ የአበው ጽሑፍ የተሰበሰበበትን ሃይማኖተ አበውን የከፈተ ያገኘዋል። በባሕርዩ የማይታመመው ቃል፣ ሥጋን የራሱ አድርጎ፣ በሥጋ ታመመ፣ በሥጋ ሞተ። የሞተው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ ነው። አሁን ወደ ሱቁ ተመለሱ። ባለሱቁ የጎረቤት ልጅ ጎትቶ የእናቴን ዕዳ ቢያስከፍለው ኖሮ ግፍ ነበር። ግን ደብተሩን የያዘው ራሱ ከፈለ። ተዋሕዶን፣ ማለትም ቃል ሥጋን የራሱ ማድረጉን፣ ካወጣችሁት መስቀሉ አንዱን ንጹሕ ይዞ በሌላው ፈንታ መግረፍ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚሸሸውም እንደዚያ ተነግሮት ነው። አንድ መጽሐፍ «አባት ልጁን ቀጣ» ብሎ ካለፈ እዚያው አቁሙና ዮሐንስ 10፥18ን አጠገቡ ጻፉ፦ «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም።»

ይህ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ነገር እንዳይመስላችሁ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ያከራከሩበት ነው፤ ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ልደትና በመንፈስ ቅዱስ ስለ መቀባቱ ነበር። ማን እንደሆነ ካልታወቀ ሞቱ ምን እንደሠራ አይታወቅም፣ ለዚህ ነው እንደዚያ የተፋጩት። ከጉባኤው በኋላ ግን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። ሰይፍ ይዞ ስለተሰቀለው መናገር እንዴት እንደተቻለ አሁንም አይገባኝም።

6. አንድ ገጽ በአንድምታ

ሲከብድባችሁ የየኔታን መንገድ ተዋሱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከሥሩ «አንድም» እያላችሁ ውረዱ። ለምሳሌ «ወዲያውም ደምና ውኃ ወጣ»፣ ዮሐንስ 19፥34። ውኃው ጥምቀት፣ ደሙ ቁርባን። አንድም፣ ሔዋን ከአዳም ጎን እንደወጣች ቤተ ክርስቲያን ከጎኑ ወጣች። አንድም፣ በእርግጥ እንደሞተ ያየው መሰከረ፤ ቁጥር 35ን እዩ። የመጨረሻውን «አንድም» ባዶ ተዉት። በወሩ ስትመለሱ የምትሞሉት አታጡም።

ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ቀለም መቀባት፣ ማስመር፣ ፎቶ አንሥቶ ስታተስ ላይ መለጠፍ፣ እነዚህን ሁሉ ሞክሬ ትቻለሁ።

7. ብቻችሁን አታንብቡ

እኛ አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ እንገናኛለን። አቦሉ ላይ አንዱ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ማንም አያቋርጠውም። ቶናው ላይ እንጠያየቃለን። በረካው ላይ እያንዳንዱ ያልገባውን አንድ ነገር ይናገራል፤ የገባውን መናገር ክልክል ነው። ይህን ሕግ ያወጣነው ጉባኤውን ስብከት ካደረግነው በኋላ ነው፣ ሰባኪው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ከአራቱ አንዱ ፕሮቴስታንት ነው። በገበያውና በፍርዱ አምድ እሱ ይበረታል፤ በመቅደሱ እኛ። ሙስሊም ጓደኛዬም አንዳንዴ ለቡናው ይመጣል። ወሎ ነው፤ ከእኛው ዘመድም ግማሹ ሙስሊም ነው። በእነሱ እምነት ኢየሱስ አልተሰቀለም፤ ሱረቱ አን-ኒሳእ 157 ላይ ተጽፏል። አንድ ቀን «አላህ ነቢዩን ለጠላት አሳልፎ አይሰጥም፤ ለክብሩ ብለን ነው» አለኝ። ደብተሬ ላይ እንዳለ ጻፍኩት። ጴጥሮስም በማቴዎስ 16፥22 ስለ ክብሩ ብሎ ነበር «አይሁንብህ» ያለው። ለጓደኛዬ ይህን የነገርኩት ለመርታት አልነበረም፣ እሱም አልተረታም። «አብሽር፣ ቡናው ቀዘቀዘ» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው አጠገባችሁ ካለ በትሕትና ስሙት፤ የመስቀሉን እንግዳነት የሚያስታውሳችሁ እሱ ነው። ክርክር የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ቡናው አትጥሩ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን።

8. ለቅሶ ቤት ይዛችሁት ግቡ

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ደሴ ምን እንዳየች የነበረ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ በአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አንዲትን እናት «እግዚአብሔር ለበጎ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ያ አስተያየት እስካሁን አለ።

የተሐድሶው መሪ ሉተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1518 ጀርመን ውስጥ ሃይደልበርግ ላይ ባቀረባቸው ነጥቦች ውስጥ የክብር ነገረ መለኮት ክፉውን መልካም ብሎ እንደሚጠራ፣ የመስቀል ነገረ መለኮት ግን ነገሩን በስሙ እንደሚጠራው ይናገራል። ሳነበው ድንኳኑ ውስጥ የተናገርኩት ትዝ አለኝ። ማርቆስ 15ን በትክክል ያነበበ ሰው «ለምን ተውኸኝ?» የሚል ጩኸት በእግዚአብሔር ልጅ አፍ ውስጥ እንዳለ ያውቃል፣ ስለዚህ የእናትን ጩኸት ለማስቆም አይቸኩልም። አሁን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እልና እቀመጣለሁ። ከተጠየቅሁ ብቻ እመልሳለሁ። የማነበው ነገር ለቅሶ ቤት ውስጥ አፍ የሚያስከፍት ከሆነ መጽሐፉን እቀይራለሁ፤ ለመጽሐፍ ምርጫ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም።

ስለ ጊዜው

በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትሩጡ፤ የዘመን አቆጣጠራችን ራሱ ያካፍልላችኋል። መስከረም 17 ስለ መስቀሉ መገኘት፣ መስከረም 21 ግሸን፣ ጥቅምት 27 መድኃኔዓለም፣ መጋቢት 10 መስቀሉ የወጣበት፣ መጋቢት 27 የተሰቀለበት፣ ከዚያ ሰሙነ ሕማማት። በእነዚህ በዓላት ዋዜማ ደብተሩን ከመጀመሪያ ገጽ ጀምራችሁ አንብቡ። ካቋረጣችሁ፣ ማቋረጣችሁ ደግሞ አይቀርም፣ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ ማርቆስ 15ን ደግማችሁ አንብቡና ከዚያ ተነሡ።

ባለፈው መስከረም ደመራው ተለኩሶ ስንመለስ ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ለመቀመጥ ከብዳለች፤ እጄን ይዛ ነበር የምትሄደው። እሷ ጥያቄዋን ረስታዋለች፣ እኔ አስታወስኳት። ነገረ መለኮቱን ትቼ የአያቷን የዱቤ ገጽ ነገርኳት፤ ባለሱቁ እንዴት እንደቀደደው፣ አያቷ መቀነቷ ውስጥ እንዴት እንዳስገባችው፣ ዕዳው እሱ ላይ እንደቀረ። ጢሱ እየሸተተን ጥቂት ከሄድን በኋላ «እና ባለሱቁ ከዚያ በኋላ ራበው?» አለችኝ።

ቤት ስገባ በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት።